ቫሲሊሳና የራስ ቅሉ ብርሃን

ሌሊት ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ አንዲት ልጅ በትር ይዛ ቆማለች። በበትሩ ጫፍ የሰው ራስ ቅል ተሰክቷል፤ ከዓይኖቹ ጉድጓድ ብርሃን ይፈልቃል። ከኋላዋ የጠንቋይቱ የባባ ያጋ ጎጆ ይታያል። ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢቫን ቢሊቢን ይህን የተረት ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሠራ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

ልጅቷ እናቷ የሞተችባት ቫሲሊሳ ናት። የእንጀራ እናቷ ልጆች ቤት ውስጥ እሳት ጠፍቷልና ከባባ ያጋ ጭረሽ ነይ ብለው በሌሊት ሰደዷት። ሰው በሊታዋ አሮጊት ከባድ ሥራ ብታበዛባትም፣ እናቷ ስትሞት መርቃ የሰጠቻት ትንሽ አሻንጉሊት እየረዳቻት ሁሉንም ተወጣችው። ባባ ያጋ የተመረቀ ሰው አልወድም ብላ አባረረቻት፤ ስታባርራት ግን ከአጥሯ አንድ የራስ ቅል ነቅላ ሰጠቻት። የራስ ቅሉ እሳት ቤት ሲገባ እንጀራ እናቲቱንና ልጆቿን አመድ አደረጋቸው። ቢሊቢን ቅጣቱን ትቶ፣ ልጅቷ የሚያስፈራውን ነገር በገዛ እጇ ጨብጣ የምትወጣበትን ሰዓት መረጠ። የተረቱ ልብ እዚያ ነውና ምርጫው ድንቅ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ በእርሳስ ይነድፋል፤ ንድፉን በስስ ወረቀት ገልብጦ ወደ ሥዕል ወረቀት ያሸጋግራል፤ ከዚያ ዳር ዳሩን በቀጭን ብሩሽና በጥቁር ቀለም ያሰምራል። በመስመሮቹ መካከል ያለውን ቦታ በውኃ ቀለም አንድ ወጥ አድርጎ ይሞላዋል። እጁ ስለማይንቀጠቀጥ «የብረት እጁ ኢቫን» ይሉት ነበር። ከጃፓን የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶችም ብዙ ተምሯል።

ይህ ስልት ለማተሚያ መኪና የተመቸ ነበር። ከ1901 እስከ 1903 ስድስቱን የተረት መጻሕፍቱን ያሳተመለት የሩሲያን የወረቀት ገንዘብ የሚያትመው የመንግሥት ማተሚያ ቤት ነው፤ ጥራቱ የመጣውም ከዚያ ነው። ሌሎች ፍርሃትን በጭጋግና በጥላ ሲስሉ፣ እሱ እያንዳንዱን ቅጠልና አጥንት ለይቶ አሳየ። ለእኔ ይኼኛው የበለጠ ያስፈራል።

ቢሊቢን ከሩሲያ አብዮት በኋላ በ1920 አገሩን ለቆ በግብፅና በፓሪስ ኖረ፤ በ1936 ተመለሰ። በየካቲት 1942 ሌኒንግራድ በናዚ ጦር ተከብባ ሳለች በረሃብ ሞተ። መጻሕፍቱ ግን ዛሬም ይታተማሉ። ብታገኟቸው የራስ ቅሉን ገጽ ከልጆች አትደብቁ፤ ተረቱን ከነሥዕሉ አንብቡላቸው።