ኦዶሜትር፦ የአፈርን ጊዜ የምትነግረን መሣሪያ

የምዕራብ ሐረርጌዋ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) በተራሮች የተከበበች ከተማ ናት። ቁልቁለት ላይ የሚሠራ ሰው ከፊሉን ቆርጦ ከፊሉን ሞልቶ ይደለድላል፤ የቤቱ አንድ ጎን አለት ላይ ሌላው ጎን ሙሌት ላይ ያርፋል። ሜዳውን የመረጠ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወፍራም ጥቁር አፈር ይገጥመዋል። በሒርናም በበዴሳም በገለምሶም ፎቅ ሊያቆም የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “መሬቱ ስንት ወለል ይችላል?” ብሎ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይቀሩታል። መሠረቱ ምን ያህል ይሰምጣል? ሰምጦ እስኪያበቃስ ስንት ዓመት ይፈጃል? የእነዚህን መልስ ፍለጋ ወደ ኦዶሜትር እንሄዳለን።

አሠራሯ ቀላል ነው። ሳይረበሽ ከጉድጓድ የወጣ ናሙና 20 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ባለው የብረት ቀለበት ውስጥ ይገባል። ከላይና ከታች ውኃ የሚያሳልፍ ድንጋይ ይደረግለታል፤ በማንሻ ዘንግ ክብደት ይጫንበታል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች አንድ ኪሎ ሲሰቀል አፈሩ ላይ አሥር ኪሎ ያርፋል። ጭነቱ በየ24 ሰዓቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ ሙሉው ምርመራ ከሳምንት በላይ ይፈጃል።

አፈሩ የሚወርደው ቅንጣቶቹ ስለተሰበሩ አይደለም። አይብ በጨርቅ ተቋጥሮ ድንጋይ ሲጫንበት አጓቱ ቀስ እያለ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውኃ ተጨምቆ ይወጣል። እስኪወጣ ድረስ ጭነቱን ተሸክሞ የሚቆየው ውኃው ነው፤ በወጣ ቁጥር ሸክሙ ወደ አፈሩ ይተላለፋል። ይህን በስሌት ያስቀመጠው ካርል ቴርዛጊ ነው። ኢስታንቡል በሚገኘው ሮበርት ኮሌጅ እያስተማረ፣ ካገኘው ቁሳቁስ ሁሉ መሣሪያ እየሠራ ሸክላማ አፈር ሲጭን ከርሞ፣ ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1923፣ መጽሐፉን በ1925 አሳተመ።

የእኔ ፍቅር ግን ከሰዓቱ ጋር ነው። ክብደቱ ሲጫን ባለሙያው የአፈሩን መውረድ በሚያሳየው ዳያል ጌጅ ላይ ዓይኑን ተክሎ በ6 ሰከንድ፣ በ15፣ በ30፣ ከዚያ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ደቂቃ እያለ ይመዘግባል። መርፌው መጀመሪያ ይሮጣል፣ ቆይቶ ይዝላል። ይህን ንባብ ወደ ሳይቱ የሚያሸጋግረው ሕግ ይህ ነው፦ ውኃው የሚጓዘው መንገድ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል።

እንቁጠረው። በቀለበቱ ውስጥ ውኃው በላይም በታችም ስለሚወጣ ረጅሙ መንገዱ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ናሙናው ከሚወርደው 90 በመቶውን ለመውረድ 40 ደቂቃ ፈጀበት እንበል። ሳይቱ ላይ ያለው ሸክላ 4 ሜትር ውፍረት ካለውና ከላይም ከታችም ውኃ የሚያሳልፍ አሸዋ ካገኘ፣ መንገዱ 2 ሜትር፣ ማለትም 200 እጥፍ ነው። ጊዜው 40,000 እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ገደማ። ከሥሩ ያለው ውኃ የማያሳልፍ አለት ከሆነ ግን መንገዱ 4 ሜትር ይሆናል፤ ያው አፈር፣ ያው ሕንፃ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ። ይህ ልዩነት በናሙናው ውስጥ አይታይም። ከናሙናው ሥር ምን እንዳለ የሚያውቀው ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሰው ነው።

ስለዚህ “ቤቴ ሁለት ክረምት ችሏል፣ ከእንግዲህ አይነካውም” የሚል ባለንብረት ሲያጋጥመኝ ያሳስበኛል። በሁለተኛው ምሳሌ ሁለት ዓመት የሞላው ሕንፃ ከሚሰምጠው ግማሹን እንኳ አልጨረሰም። ይህን ተማምኖ ወለል የሚጨምር ሰው ያላለቀ ሒሳብ ላይ አዲስ ሒሳብ ይከፍታል።

በእርግጥ በጥቁር አፈር ላይ የሚታይ ስንጥቅ ሁሉ ከዚህ አይመጣም። በበጋ ተከፍቶ በክረምት የሚገጥም ስንጥቅ የአፈሩ ማበጥና መኮማተር ነው። ኦዶሜትር ይህንንም ታሳያለች። ደረቅ ጥቁር አፈር በቀላል ጭነት ሥር ውኃ ሲፈስበት መርፌው ወደ ኋላ ይዞራል። ጌጁ ተበላሽቷል ብሎ ንባቡን የጣለ ጀማሪ ባለሙያ አይቻለሁ፤ የጣለው ግን በዚያ ቀን ከተገኘው መረጃ ሁሉ የሚበልጠውን ነው።

ለአማካሪዎችና ለኮንትራክተሮች አንድ ቅሬታ አለኝ። ከምዕራብ ሐረርጌ ናሙና በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ፣ ከሲሚንቶ ጋር አይሱዙ ላይ ተጭኖ ላቦራቶሪያችን የደረሰበት ጊዜ አለ። ያ አፈር ነው እንጂ ናሙና አይደለም። በቱቦ ይውጣ፣ ጫፎቹ በሰም ይታሸጉ፣ በመኪናው ላይ ቆሞ እንጂ ተንከባሎ አይምጣ። የተረበሸ ናሙና የአፈሩን የቀድሞ ጭነት ትውስታ ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የምንሰጣችሁ ቁጥር የመንገዱን መንገጫገጭ እንጂ የጭሮን መሬት አይገልጽም። “በየስምንት ሰዓቱ ጨምሩበትና ቶሎ ጨርሱልን” የምትሉም ተዉ። በዝግታ የሚወርድ አፈር በዚያ ፍጥነት ውኃውን ሳይጨርስ ሌላ ጭነት ይደረብበታል።

ሪፖርቱ በእጃችሁ ሲገባም የመጨረሻውን ሰንጠረዥ ብቻ አትዩ። ለየጭነቱ የተሳለውን የጊዜና የመውረድ ኩርባ ፈልጉ። ከሌለ ላቦራቶሪውን ጠይቁ፤ ንባቡ በመዝገብ ላይ አለ።