«ቀበሮ በላት» ከማለታችን በፊት፦ የአርሲ ደጋ ሁለት ቀበሮዎች እንዴት ይለያሉ?

በአርሲ ደጋ አንዲት ግልገል ከመንጋው ስትጎድል ቶሎ የሚነገረው «ቀበሮ በላት» የሚለው ነው። በዚህ ስም የምንጠራቸው ግን ሁለት የተለያዩ አውሬዎች ናቸው። አንደኛው ከቆላ እስከ ደጋ በብዙ አካባቢ የሚገኘው ተራው ቀበሮ ነው። ሁለተኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ነው። ሁለቱን መለየት ካልቻልን አንዱ ባጠፋው ሌላው ይገደላል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ያዘናል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሰዎች ነው። አጣርቶ መፍረድ ልማዱ የሆነ ሙስሊም ግን አፍ በሌላቸው ፍጥረታት ላይም ሳያጣራ አይፈርድም።

መልካቸው

ቀይ ቀበሮ እንደ ስሙ ደማቅ ቀይ ነው። ጉሮሮው፣ ደረቱና የሆዱ ሥር ነጭ ሲሆን ነጩና ቀዩ በግልጽ ተለያይተው ይታያሉ። እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭንና ሹል ነው። ጅራቱ ከሥሩ ነጣ ብሎ ወደ ጫፉ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ፀጉር አለው። ወንዱ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሴቷ ከእሱ ታንሳለች።

ተራው ቀበሮ ቢጫና ግራጫ የተቀላቀለበት፣ አፈር የመሰለ መልክ አለው። ጀርባው ላይ ጥቁር ፀጉር ጣል ጣል ያለበት ነው። እንደ ቀዩ ደረቱ ላይ በግልጽ የተለየ ነጭ የለውም። ጅራቱም ጥቁር የሚሆነው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። በአብዛኛው ከቀዩ በቁመትም በክብደትም ያንሳል።

ርቀት ሲኖር ወይም ጭጋግ ሲወርድ ቀለም ያሳስታል። ያኔ እግሩንና ጅራቱን ማየት ይሻላል። እግረ ረጅም ሆኖ የጅራቱ ግማሽ ያህል ጥቁር ከሆነ ቀይ ቀበሮ ነው።

መኖሪያቸውና ምግባቸው

ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ አስታና ጅባራ በሚበቅልበት ውርጫማ ሜዳ ላይ ነው። በአርሲ የጭላሎ፣ የገለማና የካካ ተራሮች መኖሪያው ናቸው። በአሰላ ከተማ ዳር ቆሻሻ ሲጎረጉር የታየ ቀበሮ ቀዩ ነው ማለት ዘበት ነው።

ዋናው ልዩነታቸው ግን ምግባቸው ላይ ነው። የቀይ ቀበሮ ምግብ ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው። በባሌ ተራሮች በተደረጉ ጥናቶች ከሚበላው ከ10 እጅ 9ኙን የሚበልጠው ከዚሁ ወገን ሆኖ ተገኝቷል። በቤተሰብ አብሮ ይኖራል፣ ጠዋትና ማታ ይሰበሰባል፤ አደን የሚወጣው ግን በአብዛኛው ብቻውን፣ በቀን ነው። በከብቶች መካከል ሲሄድ ቢታይም ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ከብቱን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን አይጥ ነው። ግልገል መንካቱ ብርቅ ነው።

በኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ መባሉም አለ። ለመውለድ የደረሰች ባዝራን ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ይበላል ስለሚባል ነው። ሽማግሌዎቻችን አውሬውን ለይተው ያውቁት እንደነበር ይህ ስም ራሱ ይመሰክራል።

ተራው ቀበሮ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ አይጥ፣ ጥምብ፣ ፍራፍሬ፣ የቄራ ትራፊ፣ ዶሮና ግልገልም ጭምር። ሰው ባለበት አካባቢ ማታ ማታ መንቀሳቀስ ይቀናዋል። ሌሊት ከበረት ግልገል ከጎደለች እንግዲህ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ተራው ቀበሮና ጅብ ናቸው።

ሳይንሱም የስሙን ነገር ለማጥራት ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የዘረመል ጥናት ቀይ ቀበሮ የሚቀርበው ለተኩላ ወገን መሆኑን አሳየ። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአፍሪካ ያለው ተራ ቀበሮ ከእስያና ከአውሮፓው የተለየ ዝርያ መሆኑን አረጋገጠ።

ለምን ያሳስበናል?

በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ። ከግማሽ በላዩ በባሌ ናቸው። የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ከፍታዎች ተበታትነዋል። በጎጃሙ የጮቄ ተራራ ግን ጠፍተዋል። እርሻውና ግጦሹ ሽቅብ በወጣ ቁጥር መኖሪያቸው ይጠባል። ቀይ ቀበሮን መግደል በአገራችን ሕግም የተከለከለ ነው።

ትልቁ ጠላቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው ወደ እሱ የሚሻገረው ከእኛው ውሾች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በባሌ በተነሳው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ያው ውሻ ልጆቻችንንም ይነክሳል። ስለዚህ ውሻን ማስከተብ ለቤተሰብም ለአውሬውም ጥበቃ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ግልገሎችን ሌሊት አጥሩ በጠበቀ በረት እናሳድር፤ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ አንጣል፣ እንቅበር። ተራውን ቀበሮና ጅብን ወደ መንደር የሚስበው ጥምቡ ነው። ሁለተኛ፣ መርዝ አናስቀምጥ። መርዝ ቀዩን ከተራው አይለይም፤ ውሻንም ጥንብ አንሳንም ይጨርሳል። በንብረት ላይ የመጣን አውሬ መከላከል የተፈቀደ ቢሆንም ጥፋት የሌለበትን መጨረስ ከመከላከል አይቆጠርም። ሦስተኛ፣ ሰው የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ ወይም ምራቁ የሚዝረበረብ ቀበሮ ወይም ውሻ ካየን አንቅረበው፤ ለቀበሌና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እናሳውቅ።

ንክሻ ከደረሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ቢያንስ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መውሰድ ግዴታ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁሌም ይገድላል። ዱዓእ እናድርግ፤ ክትባቱን ትቶ በዱዓእ ብቻ መቀመጥ ግን ተወኩል አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ ግመሉን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ ብለው አስተምረዋልና።

የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ፣ ድመት አስራ ያስራበች ሴት ደግሞ እንደተቀጣች በሐዲሥ ሰምተናል። ከጭላሎ ግርጌ የሚኖር እረኛም ዱላውን ከማንሳቱ በፊት የአውሬውን ጅራትና ደረት አንድ ጊዜ ቢያይ ከዚህ ትምህርት ድርሻውን ወሰደ ማለት ነው።

ወላሁ አዕለም።