ከሩጫ በፊት ማሟሟቅ፦ መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?

በ2012 ዓ.ም. ደመራ በተለኮሰበት ዕለት፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ዶሃ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ተጀመረ። በሌሊት የተደረገው ሙቀቱን ለመሸሽ ነበር። ሌሊቱም ግን አላዳነም። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሱት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ። የእኛዎቹ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀ እና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም አልጨረሱም። ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ያሸነፈችበት 2:32:43 በውድድሩ ታሪክ ከአሸናፊዎች ሰዓት ሁሉ የዘገየው ሆነ።

ከስምንት ቀን በኋላ እዚያው ዶሃ ወንዶቹ ሮጡ። አየሩ ቀለል ብሎ ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2:10:40 ወርቁን፣ ሞስነት ገረመው ብሩን ወሰዱ።

ከተማው ያው ነው፣ ሰዓቱም ያው ነው። የተለየው አየሩ ነው። ይህ ነገር እኛ በየጠዋቱ ሶምሶማ የምንወጣውንም ይመለከታል። ብዙዎቻችን "ከመሮጥህ በፊት በደንብ ሙቅ፣ ላብህ ጠብ ይበል" ሲባል ነው ያደግነው። ምክሩ እውነት አለበት፤ ግን ለሁሉም ርቀት፣ ለሁሉም አየር አይሆንም።

ለምን?

ስንሮጥ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ቢበዛ ሩቡ ያህል ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን ሙቀት ለማስወጣት ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ ላብም ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ የሚያቀዘቅዘን የሚንጠባጠበው ላብ አይደለም፤ ከቆዳችን ላይ የሚተነው ነው። ወበቅ ባለበት ቦታ አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለተሞላ ላቡ አይተንም። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖም ውስጡ መጋሉን አያቆምም። ልብ ደግሞ አንዱን ደም ለጡንቻም ለቆዳም ማካፈል ስላለበት ይጨነቃል።

በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ሰባት የሠለጠኑ ብስክሌተኞች 40 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ እስኪደክማቸው እንዲጋልቡ ተደረገ። ከመጀመራቸው በፊት ግን የውስጥ ሙቀታቸው በውኃ እየተለወጠ አንዴ ወደ 36፣ አንዴ ወደ 37፣ አንዴ ወደ 38 ዲግሪ እንዲሆን ተደርጓል። ቀዝቀዝ ብለው ሲጀምሩ በአማካይ 63 ደቂቃ ቆዩ። በመደበኛው ሙቀት ሲጀምሩ 46 ደቂቃ። ሞቅ ብለው ሲጀምሩ ግን 28 ደቂቃ ብቻ! የሚገርመው፣ በሦስቱም ጊዜ ያቆሙት የውስጥ ሙቀታቸው 40 ዲግሪን ትንሽ ሲያልፍ ነው።

በቃ ሰውነታችንን እንደ ጀሪካን እናስበው። አፉ ጋ ሲደርስ እንቆማለን። በሙቅ አየር ከሩጫው በፊት ግማሽ ሰዓት ስናሟሙቅ፣ ጀሪካኑን ገና ሳንነሳ መሙላት ጀመርን ማለት ነው።

ታዲያ ማሟሟቅ ይቅር?

አይቀርም። የሞቀ ጡንቻ ከቀዘቀዘው ይልቅ በፍጥነትና በኃይል ይኮማተራል። የ100 ሜትር ሯጭ ውድድሩ በሰከንዶች ስለሚያልቅ ሙቀት የሚጎዳበት ጊዜ የለውም፤ በደንብ ቢያሟሙቅ ያተርፋል። አዲስ አበባ ላይ በኅዳር ብርድ ጠዋት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰውም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሶምሶማና ማፍታቻ ቢሠራ ይጠቅመዋል።

ረጅም ርቀትና ሙቀት ሲገናኙ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. በአቴንስ ኦሎምፒክ አሜሪካዊቷ ዲና ካስተር ከማራቶኑ በፊት ስታሟሙቅ በረዶ የተሞላ ሰደርያ ለብሳ ነበር። በዝግታ ጀምራ መጨረሻ ላይ የእኛዋን እልፍነሽ ዓለሙን አልፋ ነሐሱን ወሰደች። ሰደርያው ብቻ አሸነፈ አንልም፤ ሐሳቡ ግን ከላይ ካለው ጥናት ጋር አንድ ነው፦ ጀሪካኑን ባዶ አድርጎ መነሳት።

ለእኛስ?

- በብርድ ጠዋት፦ በደንብ አሟሙቁ፤ ሹራቡን ልትነሱ ስትሉ አውልቁ።
- በሙቀት ለረጅም ርቀት፦ ጥቂት ደቂቃ ማፍታታት ይበቃል። ጥላ ሥር ቆዩ፤ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ሩጡና ማሟሟቂያ አድርጓቸው።
- ከደጋ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሰመራ ወይም ወደ ዱባይ የሄዳችሁ፦ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ቀስ በሉ።
- ላስቲክ ወይም ወፍራም ጃኬት ለብሶ "ስብ ለማቅለጥ" መሮጥ ይቅር። ሚዛን ላይ የቀነሰው ውኃ ነው፤ ስትጠጡ ይመለሳል። ላቡ እንዳይተን አፍኖ ሙቀቱን ውስጥ ማስቀረቱ ግን አደጋ ነው።

አደጋውም ቀልድ አይደለም፤ ሰው ይገድላል። አብሯችሁ የሚሮጥ ሰው መንገዳገድ፣ መቀባጠር፣ የት እንዳለ መርሳት ከጀመረ፣ "በርታ፣ ትንሽ ቀረህ" አትበሉት። ላብ እያላበውም ቢሆን ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አስቁሙት፤ ጥላ ሥር አድርጉት፤ ልብሱን አላሉት። አንዳችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ሌሎቻችሁ አምቡላንሱ እስኪደርስ ሳትጠብቁ፣ ገንዳ ካለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስገቡት፤ ራሱ ውኃው ውስጥ እንዳይገባ ያዙት። ገንዳ ከሌለ ውኃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፤ በረዶ ከተገኘ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት። እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት፤ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ ነው።

አብሯችሁ ለሚሮጥ ሰው አጋሩት።