«ጩኸት ነው» ለሚሉኝ ደንበኞቼ

ሮክ በከፈትሁ ቁጥር ከደንበኛ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ጩኸት» ነው። ሥራዬ ደባርቅ ላይ ዘፈን መጫንና ሳውንድ ሲስተም ማከራየት ነው። ቤቴ ጠባብ ስለሆነች የጫንሁት ሁሉ በሞንታርቦ ይሞከራል፤ የተሞከረውን ደግሞ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ቱሪስት ይዞ ሳንቃ በር የሚወጣ ሹፌር፣ የበቅሎ አከራይ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከዳባት የመጣ እህል ነጋዴ፣ ሁሉም ያሰበውን ፊት ለፊት ይናገራል። ለአርቲስቱ ይሉኝታ የለውም፤ ለእኔም የለውም። ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜማ ዘፈን የሚገኘው ከሜሞሪ ብቻ ስለነበር፣ ሰው አንዱን አልበም ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ይሰማ ነበር። ስለ አልበም ረጋ ያለ ንግግር የለመድነው ያኔ ነው።

«ጩኸት ነው» ፍርድ ነው፤ ምክንያቱ ገና አልተነገረም። ስለዚህ «ምኑ ነው የጮኸብህ?» ብዬ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ነገሩ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ «ጊታሩ ቃሉን ይሸፍነዋል» ይላል። ሌላው «ትከሻ የማነሣበት ቦታ አጣሁ» ይላል። ሦስተኛው «ሰውዬው ተቆጥቷል፤ በማን እንደተቆጣ ግን አልነገረኝም» ይላል። ሦስቱም ጩኸት ብለው ነበር የጀመሩት። የመጀመሪያው ስለ ሚክሲንግ፣ ሁለተኛው ስለ ምት፣ ሦስተኛው ስለ ግጥም ነው የተናገረው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ሰው እንዲህ ለይቶ ሲናገር ወደ ሚክሰሩ ዞሬ ያለውን አጣራለሁ። ብዙ ጊዜም ልክ ሆኖ አገኘዋለሁ።

በቤቴ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የአገራችን የሮክ ባንድ የጃኖ «ኤርታሌ» ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሲሆን ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1986 የእንግሊዞቹን የሮክ ባንድ የሞተርሄድን «ኦርጋዝማትሮን» ያዘጋጀ፣ በኋላም ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋር የሠራ ሰው ነው። ሞተርሄድንም ጂጂንም የቀረጸ ሰው ጃኖን ሲይዝ ውጤቱ በሁለቱ መካከል ቢቆም አያስገርምም፤ ከፊት ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን፣ ከኋላ የከበደ ጊታር። እኔ አልበሙን እወደዋለሁ። «ዳሪኝ» ላይ ድምፃውያኑ ሲቀባበሉ ጊታሩ ምንም ቢበረታ ዘፈኑ የእኛው መሆኑ አይጠፋም። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ዘፈን ላይ ጊታሩ የሚገባው ዜማው ስለጠራው አይመስለኝም፤ ሮክ ስለሆንን መግባት አለበት የተባለ ይመስላል። ይህንን መጀመሪያ ያለኝ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስሰማው ሌላ ሊሆንልኝ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሁለተኛው አልበማቸው «ለራስህ ነው» ደግሞ እኛ ዘንድ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው የተጠየቀው። ምክንያቱን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «የመጀመሪያው ያስደነግጣል» የሚል ነበር፤ ማስደንገጡን እንደ በጎ ነገር ቆጥረው።

ሊማሊሞን በሲኖትራክ የሚመላለስ ደንበኛዬ ግን በ«ኤርታሌ» ላይ ሌላ ክስ አመጣ። «ቤዝ የለውም» አለኝ። ቤቴ ውስጥ ከፈትሁት፤ ቤዙ ደረት ይመታል። «እሱ ያንተ ቤት ነው፤ ና የእኔን ስማ» ብሎ ጋቢና አስገባኝ። ሞተሩን አስነሣ፤ መስኮቱን ዳገት ሲወጣ እንደሚያደርገው ግማሽ ድረስ ዝቅ አደረገ፤ ፍላሹን ሰካ። እውነትም ቤዙ የለም። የቀረው የሲምባሉ መንጨርጨርና የጊታሩ ጠርዝ ብቻ ነው። ሞተሩን አስጠፋሁት፤ ቤዙ ተመለሰ። የናፍጣ ሞተር ጉርምርምታ የሚያርፈው ቤዝ ጊታርና ከበሮ ከሚያርፉበት ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ስለሆነ ይውጣቸዋል፤ ከላይ ያለውን ግን አይነካውም። ጣሊያን የቆረጠውን የሊማሊሞን መንገድ በዝቅተኛ ማርሽ ለሚወጣ ሰው ሮክ ማለት እንግዲህ ይኸው የተረፈው ጫፍ ነው። ይህ ሹፌር ጩኸት ነው ቢል ማን ይፈርድበታል? አሁን ለከባድ መኪና ስጭን ከቤዙ ከፍ የሚለውን ድምፅ ትንሽ አነሣለታለሁ፤ የላይኛውን ዝቅ አደርጋለሁ። ደንበኛዬም «ኤርታሌ»ን ከፍላሹ አላጠፋውም።

«ቤዝ የለውም» የሚለው ቅሬታ በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በ1988 «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል»ን ሲያወጣ የቤዝ ተጫዋቹ የጄሰን ኒውስተድ ድምፅ አይሰማም ማለት ይቻላል። አድማጭ አማረረ። ከዓመታት በኋላ አልበሙን ሚክስ ካደረጉት አንዱ ስቲቭ ቶምፕሰን ቤዙን ዝቅ እንዲያደርግ የታዘዘው ከባንዱ እንደነበር ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ያው ባንድ «ዴዝ ማግኔቲክ»ን ሲያወጣ ደግሞ ድምፁ ከልክ በላይ ተገፍቶ ስለነበር ይሰነጠቅ ነበር። ይህንን በሰፊው ያጋለጡት ተራ ወዳጆቹ ናቸው። ያንኑ አልበም ለጊታር ሂሮ የቪዲዮ ጨዋታ ከተዘጋጀው ቅጂ ጋር አስተያይተው የጨዋታው የጠራ መሆኑን አሳዩ፤ አልበሙ እንደገና እንዲሠራም ፊርማ አሰባሰቡ። ከዚያ በፊት ስለ ድምፅ መገፋት የሚከራከሩት በብዛት የስቱዲዮ ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ተራ አድማጭ የሚያውቀው ጉዳይ ሆነ።

በተቃራኒው ደመወዝ የሚከፈላቸው ሐያስያን በዚህ ሙዚቃ ላይ የሰጡትን ፍርድ ተመልከቱ። «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1969 የሌድ ዘፐሊንን የመጀመሪያ አልበም አጣጣለ። በ1970 የብላክ ሳባትን የመጀመሪያ አልበም በሌስተር ባንግስ ብዕር እንዲሁ አጣጣለ። ገዢው ግን የብላክ ሳባትን አልበም በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ስምንተኛ አደረሰው። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በርሚንግሃም ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ሳለ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆርጦበት ነበር። ዛሬ ሜታል የምንለው ሙዚቃ የወጣው ከዚያ ፋብሪካ ሰፈር ነው፤ መጀመሪያ የሰሙትም እንደ እሱ ያሉ የፋብሪካ ልጆች ናቸው። ጆሯቸውን አምነው ገዙ፤ ልክም ነበሩ።

የእኛ አገር አድማጭ በዚህ ሙዚቃ ላይ ለመፍረድ የሚያበቃው ነገር አለው ወይ? አለው፤ እንዲያውም ብዙ። ሽለላና ፉከራ የሰማ ጆሮ ነው ያለው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን በሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። እሱ ነው የሆላንዶቹን የፓንክ ባንድ «ዘ ኤክስ»ን አጅቡኝ ብሎ የጠየቃቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ። እኔ ከዚህ ዓይነት አልበም ሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው። ከወገራ የመጡ አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን የሠርግ ዘፈን ሊያስጭኑ ተቀምጠው ሳለ ከፈትሁት። በመጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥሎ በትራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ ማድረግ ጀመሩ።

«ይኸ ሰው ይፎክራል እኮ!» አሉ።

«አዎ አባባ፤ በሳክስፎን ነው።»

«በምንም ይሁን፤ ፎክሯል። አጃቢዎቹ ግን ይቸኩላሉ። አጃቢ የሚገባው ፎካሪው ትንፋሽ ሲወስድ ነው፤ እነዚህ ሳይጨርስ ይገቡበታል።»

ወደ ኋላ መልሼ ከፈትሁት፤ ጊታሮቹ ጌታቸው ገና ሳያሳርፍ ላዩ ላይ ሲወጡ ሰማን። እኔ ያንን ግጭት እወደዋለሁ፤ ፓንክ ስለሆኑ ቸኩለዋል፤ የቸኮሉበትም ቦታ ያምራል። የሽለላን ሥርዓት ይዘን ከተነጋገርን ግን የአባታችን ፍርድ ትክክል ነው። ከዚህ የተሻለ የ«ሞአ አንበሳ» ሂስ አላነበብሁም።

አንድ አዝማሪ ደንበኛዬ ደግሞ ማሲንቆውን ይዞ ገብቶ የጊታር ሶሎ ሲሰማ ያቺን አንዲቱን የጭራ ጅማት ከጊታሩ ጋር አስማምቶ ተከተለው። አልተቸገረም። የሮክ ጊታሪስቶች ለሶሎ የሚያዘወትሩት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ከእኛው ባቲ ማይነር ጋር የድምፅ ርቀቱ አንድ ነው፤ ስለዚህ እጁ መንገዱን ያውቀዋል። ብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተበት፣ ብዙ ሰው የሚሸሸው ሻካራ የድምፅ ርቀትም በአንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ አለ። አዝማሪው ሶሎው ሲያልቅ ማሲንቆውን አስቀመጠና «ብዙ አወራ፤ የተናገረው ግን አንድ ነገር ነው» አለ። ስንት የተመሰገነ ሶሎ በዚህ ፍርድ ይወድቃል!

የፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ባንድ «ኡካንዳንዝ» ከድምፃዊው አስናቀ ገብረየስ ጋር የሠራውን «ይቻላል» አልበም ሰው በቀላሉ ነው የተቀበለው። ድምፁን ያውቁታል፤ የከበደውን ጊታር ለአስናቀ ሲሉ ያልፉታል። ከዚህ በላይ የሚባል ነገር አላገኘሁበትም።

ሌላ ከበድ ያለ ክርክር ያስነሣው የጎንደሩ ባንድ «ኒሻያር» ነው። አዎ፣ ከዚህ የጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ ካለችው ጎንደር የብላክ ሜታል ባንድ ወጥቷል። አባላቱ በመድረክ ስም ነው የሚታወቁት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 «ናሃክሳር»ን አውጥተዋል፤ «እናት መሬት» የተሰኘም አልበም አላቸው። የውጭ የሜታል አድማጭ ሳያውቃቸው አልቀረም፤ እዚህ ግን ስማቸውን ስጠራ ብዙው ሰው «የየት አገር?» ይላል። ለተማሪዎቹ ከፍቼላቸው ነበር። አንዷ «ድምፁ ጉም ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ሰው ነው» አለች፤ የስሜንን ጉም ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። አብሯት ያለው ልጅ ግን «ቃሉን አልያዝሁም፤ ቃል ካልያዝሁ የጎንደር ልጅ መሆኑ ምን ይጠቅመኛል?» ሲል ተቃወማት። ድምፃዊውን እንዲህ በሙዚቃው ውስጥ መቅበር የብላክ ሜታል ልማድ ነው፤ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ለእኔ ግን የልጁ ጥያቄ ያሸንፋል። ግጥም በሰምና ወርቅ በሚመዘንበት አገር ቃሉን የሚቀብር ባንድ ብዙ ነገሩን አብሮ ይቀብራል። ረጋ ብሎ በሚፈሰው የሙዚቃቸው ክፍል ላይ ግን ከደጋው ብርድ የመጣ እውነተኛ ነገር እሰማለሁ፤ እዚያ ላይ ደግሞ ከልጅቷ ጋር ነኝ።

«የሰይጣን ሙዚቃ ነው» የሚሉኝም አሉ፤ አንድ ዲያቆን ጎረቤቴ በተለይ። በልጅነቱ ዜማ የተማረ ሰው ስለሆነ ንግግሩን አቅልዬ አላየውም። በሽፋን ምስላቸውም በግጥማቸውም ለዚህ ስም የሚበቁ ባንዶች መኖራቸው እውነት ነው፤ እነሱን አልጭንም። ብላክ ሳባት ግን እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው በሁለተኛው አልበሙ «ፓራኖይድ» የመጀመሪያ ዘፈን ላይ የሚያወግዘው ራሳቸው ሳይዘምቱ የድሃ ልጅ ወደ ጦርነት የሚልኩ ሰዎችን ነው። ይህን ስነግረው ዲያቆኑ አሰበና «እንግዲያው ስማቸው ነው የከፋው» አለኝ። ጦርነት ደጃፉ ድረስ የመጣበት የዳባት ሰውም የዘፈኑን ፍሬ ነገር ሲነገረው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ጊታሩ ጮኸ አይልም።

የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ ፍርድ ከቤቴ ደጃፍ አለማለፉ ነው። አገራችን ውስጥ አልበም ሲወጣ የምንሰማው የምረቃ ቀን ሙገሳ ወይም የተቃዋሚ ስድብ ነው። «አራተኛው ዘፈን ረዝሟል»፣ «ከበሮው ከድምፃዊዋ ቀድሟል» የሚል ሰው አይደመጥም። ሮክ የሚሠሩ ልጆቻችን ደግሞ ይህ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋቸዋል፤ ጥቂት ስለሆኑ ወዳጆቻቸው በሙገሳ ያሳልፏቸዋል፤ የቀረው ሕዝብ «ጩኸት» ብሎ ያልፋቸዋል። በሁለቱ መካከል ሥራቸውን የሚያሻሽል አንድ ቃል አያገኙም።

ስለዚህ ሮክም ሆነ ሜታል ለምትሠሩ ሁሉ ልመናዬ ይህ ነው፤ አልበማችሁ ማስተሪንግ ከመግባቱ በፊት ቅጂውን ይዛችሁ አንድ የጭነት መኪና ጋቢና ግቡ፤ ሽለላ ለሚያውቁ አንድ አባትም አሰሙ፤ የሚሉትን ጻፉ። አንተም ደንበኛዬ፣ አንቺም እህቴ፣ አልወደድሁትም ማለት መብታችሁ ነው። ከየትኛው ዘፈን፣ ከስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ግን ጨምራችሁ ንገሩኝ።