ሕይወት የሌለው ማባበያ ዓሣን እንዴት ያታልላል? ከቶሮንቶ ቦይ ዳር የተወሰደ ትምህርት

የቶሮንቶው የዶን ወንዝ ለ100 ዓመት ያህል ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅ የሚገባው በተፈጥሮ መንገዱ አልነበረም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሽብሪጅስ ቤይ ረግረግ ለወደብ ሥራ በአፈር ሲደለደል፣ ወንዙ ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ ኪቲንግ ቻነል ወደተባለው፣ ግድግዳው ቀጥ ወዳለ ቦይ እንዲገባ ተደረገ። ዛሬ በቶሮንቶ ወደብ ዙሪያ ባሉ ቦዮችና ኩሬ መሰል ውሃዎች ዳር ዓሣ አጥማጆች ትል ሳይሆን ከብረት፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ማባበያ ሲወረውሩ ማየት የተለመደ ነው። ሽታም ጣዕምም የሌለው ብረት ዓሣን እንዴት ያታልላል?

ምሥጢሩ ያለው በእንቅስቃሴው ነው። ክሩ ሲጠቀለል የማባበያው ቅጠል መሰል ብረት ይሽከረከራል፤ እያንዳንዱ ዙር ውሃውን እየገፋ ንዝረት ይፈጥራል። በዓሣው ጎንና ጎን፣ ከራስ እስከ ጅራት፣ የጎን መስመር የሚባል የስሜት አካል ተዘርግቷል። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ውሃው ሲንቀሳቀስ ይጎነበሳሉ፤ ይህም ወደ አንጎል መልእክት ይልካል። አዳኝ ዓሣ በዚህ አካል አማካይነት በቅርብ ያለ ነገር ወዴት እንደሚሄድ በጨለማም ቢሆን ያውቃል። ዝብርቅርቅ ያለ ንዝረት ደግሞ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ምልክት ነው። የቆሰለ ሲሳይ በትንሽ ድካም ስለሚያዝ አዳኙ ብዙ ሳያመነታ ይወረወርበታል።

ቀለምም የራሱ ድርሻ አለው። በጠራ ውሃ ውስጥ ቀይ ብርሃን ጥቂት ሜትር ሳይወርድ ስለሚዋጥ ቀይ ማባበያ እየጠቆረ ይሄዳል። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲደፈርስ ግን የዓሣው ዓይን ሩቅ ስለማያይ፣ ከቀለሙ ይልቅ ጠንከር ያለ ንዝረት የሚሰጥ ማባበያ ይመረጣል።

በዚህ አካባቢ በማባበያ ከሚያዙት አዳኞች አንዱ ፓይክ ነው። በውሃ ተክል መካከል ሳይንቀሳቀስ ያደባል፤ ከዚያም ሰውነቱን አጥፎ እንደ ተወጠረ ጅማት በአንድ ጊዜ ይስፈነጠራል። አፉ በስለታም ጥርስ የተሞላ ነው። ለአንባቢዎቻችን ቅርብ የሆነው ጣና ሐይቅ በዚህ ረገድ የተለየ ታሪክ አለው፦ በሐይቁ ከሚገኙት ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎች 8 ያህሉ ሌሎች ዓሦችን አድነው ይበላሉ፤ ሆኖም በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የላቸውም።

ልምድ ያለው አጥማጅ ዘንጉን ከመወርወሩ በፊት አካባቢውን ይቃኛል። ሳቢሳ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ደርቆ ከቆመ፣ ትንንሽ ዓሦች ዳር ላይ እንዳሉ ይገመታል። ጥቁሩ ኮርሞራንት ደጋግሞ ከጠለቀ፣ መንጋው ጠለቅ ብሎ ይገኛል። ኮርሞራንት ከውሃ ወጥቶ ክንፎቹን የሚዘረጋው ላባው ውሃ ስለሚያስገባ ነው፤ ይህም ሲጠልቅ እንዳይንሳፈፍ ይረዳዋል። ይህ ወፍ በ1970ዎቹ ዲዲቲ በተባለው ፀረ ተባይ ምክንያት ከታላላቆቹ ሐይቆች ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ ዛሬ በከተማዋ ቶሚ ቶምሰን ፓርክ በሺዎች ይራባል። በቢቨር ጥርስ እንደ እርሳስ የተቀረጸ ጉቶና በግንድ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ኤሊም የዚሁ ሕይወት ምስክሮች ናቸው።

ቦዩ ግን ለዓሣ መራቢያ አይመችም። ፓይክ በጸደይ መጀመሪያ ዕንቁላሉን የሚጥለው ውሃ በሸፈነው ሣር ላይ ሲሆን፣ ዕንቁላሉም ከተክሉ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ቀጥ ያለ ግድግዳ ይህን አይሰጥም። በተጨማሪም ወንዙ በድንገት ሲታጠፍ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የተሸከመውን ደለል እዚያው ይጥላል፤ ቦዩም በየጊዜው መጠረግ ይኖርበታል። በ1969 የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ለተበከለው ዶን ምሳሌያዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት እስከማካሄድ ደርሰው ነበር። አሁን መሐንዲሶች 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠመዝማዛ የወንዝ አፍ ከነረግረጉ ቆፍረዋል፤ በዳርቻው የተሠራው ቢዳሲጌ ፓርክም በ2025 ለሕዝብ ተከፍቷል። ሥራው ከተማዋን ከጎርፍ የሚጠብቅ ሲሆን፣ ለዓሣም የጠፋውን የመራቢያ ስፍራ ይመልሳል።

አጥማጁም የበኩሉ ኃላፊነት አለበት። በኦንታሪዮ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 64 የሆኑ ሰዎች ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ተበጥሶ የቀረ ክር የወፍ እግር ያስራል፤ ወፍ የዋጠው የእርሳስ ክብደትም ይመርዛል። የተያዘውን ለመብላት የሚያስብ ሰው ደግሞ አውራጃው የሚያወጣውን የዓሣ አመጋገብ መመሪያ አስቀድሞ ሊመለከት ይገባል። ሜርኩሪ ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቅ አዳኝ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ፣ ለፎቶግራፍ የሚያኮራው ትልቁ ዓሣ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት፣ ለማዕድ የሚመረጠው ላይሆን ይችላል።