የዓይን ሊምፎማ በአንድ አገር ሕዝብ ውስጥ ስንት ሰው ይይዛል?

ስለ አንድ በሽታ ስንሰማ አስቀድመን የምንጠይቀው «ለመሆኑ ስንት ሰው ይይዛል?» ብለን ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን ብዙ መዝገብ፣ ብዙ ጸሐፊና ብዙ ዘመን ይፈልጋል። ዛሬ የምንነጋገርበት የዓይን ሊምፎማ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ሊምፎማ ማለት ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች የሚነሣ የነቀርሳ ዓይነት ነው። እነዚህ ሕዋሶች ሰውነታችንን ከተላላፊ በሽታ የሚጠብቁ ዘበኞች ሲሆኑ፣ ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲራቡ ሊምፎማ ይሆናሉ። በአብዛኛው የሚታየውም በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት እንደ ንፍፊት ሆኖ ነው። ዓይንን የሚይዘው ከብዙው ጥቂቱ ሲሆን፣ እርሱም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ከዓይን ኳስ ውጭ፣ ይኸውም በቆቡ፣ በእንባ ዕጢው፣ በነጩ ክፍል ሽፋን ወይም ከኳሱ በስተኋላ የሚወጣው ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ዝግ ብሎ የሚያድግና ሕመም የሌለው እብጠት ስለሆነ፣ በጊዜው ከተደረሰበት በመጠነኛ ጨረር ደኅና አድርጎ ይታከማል። ሁለተኛው በዓይን ኳስ ውስጥ የሚነሣው ነው። ይህኛው እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ አንጎልንም ስለሚነካ አደገኛ ነው። አታላይም ነው። ተራ የዓይን ብግነት መስሎ ይቀርባል፤ ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት ሲሰጥ ለጊዜው ይሻለዋል፤ ሐኪሙም በሽተኛውም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ይመለሳል። እውነተኛ ስሙን ለማወቅ ከስፍራው ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ቍጥሩ እንመለስ። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን በሽታ በመላ አገራቸው ከቈጠሩት አንዷ ዴንማርክ ናት። ተመራማሪዎቿ ከ1980 እስከ 2005 ድረስ በነበሩት 26 ዓመታት በሽታው የተገኘባቸውን ሁሉ ቢሰበስቡ 228 ሰዎች ሆኑ። ለየዓመቱ ሲካፈል ወደ 9 ሰው ነው። የአገሪቱ ሕዝብ በዚያ ዘመን ከ5 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጥ ስለነበረ፣ ከአንድ ሚሊዮን ሰው በዓመት 2 እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ሆኖም መጠኑ ባለበት አልቆመም፤ በየዓመቱ በአማካይ 3.4 በመቶ ሲጨምር ተገኝቷል።

ዘጠኝ ሰው! አንድ ጸሐፊ ሁለት ፋይል ቢያጠፋ የአገሪቱ አኃዝ ተዛባ ማለት ነው። ዴንማርክ ይህን ለማድረግ የቻለችው ሀብታም ስለሆነች ብቻ አይመስለኝም። የነቀርሳ በሽተኞችን መዝገብ ከ1943 ጀምሮ ይዛለች፤ ከ1968 ጀምሮም ለያንዳንዱ ነዋሪ የግል ቍጥር ሰጥታለች። ስለዚህ በሽተኛው ከከተማ ወደ ከተማ ቢዛወር፣ ሴቲቱም አግብታ የቤተሰብ ስሟን ብትለውጥ፣ ያው አንድ ሰው ሆኖ ይቈጠራል። ከበሽተኛ የተወሰደውም ናሙና በሰም ውስጥ ሆኖ ለረጅም ዘመን ይቀመጣል። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዝግ ብሎ የሚያድገው ዋናው ዓይነት፣ ማልት ሊምፎማ የሚባለው፣ ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ የተገለጸው በ1983 ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው እብጠት ነቀርሳ አይደለም ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነበር። አሮጌው ናሙና ባይኖር የ1980ውን ከ2005ቱ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን ባልተቻለም ነበር።

«ታዲያ ቤት ለቤት ተዙሮ ለምን አይቈጠርም?» የሚል አይጠፋም። ለሌሎች የዓይን በሽታዎች ይህ ዘዴ ይበጃል። በአገራችን በ2006 በተፈጸመው አገር አቀፍ ጥናት ከ25 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተመርምረው፣ ከመቶው 1.6 ዓይነ ስውር መሆናቸው፣ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ማየት የተሳናቸው በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑ ታውቋል። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት የሚገኘውን በ25 ሺህ ሰው መቍጠር ይቻላል። ከሚሊዮን በዓመት 2 የማይሞላውን ግን ያን ሁሉ ሰው መርምሮ አንድም ሳያገኙ መመለስ ይቻላል፤ ይህም በሽታው የለም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን የሚይዘው፣ ሐኪም ዘንድ የደረሰውን ሁሉ ሳያቋርጥ የሚጽፍ መዝገብ ነው።

የአዲስ አበባን ነዋሪዎች የሚመለከት የነቀርሳ መዝገብ በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተቋቁሟል። እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር ይመጣል። «ኃይሉ» በአንዱ ካርድ በ«ኃ»፣ በሌላው በ«ሀ» ሲጻፍ አንዱ ሰው ሁለት ሊሆን ይችላል። ከዚህ የባሰው የአድራሻው ነገር ነው። የዓይን ሊምፎማ በብዛት የሚይዘው 60 ዓመት ያለፋቸውን ነው፤ እነዚህም ከባላገር ሲመጡ በካርድ ክፍሉ መስኮት የሚናገርላቸው ከተማ ያለው ልጃቸው ነው። ልጁም የራሱን ቤት ቍጥር ይሰጣል። በዚህ ጊዜ የአዲስ አበባ በሽተኛ በአንድ ይጨምራል፤ አባትየው የተነሡበት ወረዳ ደግሞ በሽታው ያልደረሰበት ይመስላል፤ ሐኪምና መሣሪያ ሲመደብም የሚታየው ይኸው አኃዝ ነው። ስለዚህ አባታችሁን ወይም እናታችሁን ለማሳከም ይዛችሁ ስትቀርቡ፣ ያረፉበትን ቤት ለስልክ መጥሪያ፣ የሚኖሩበትን ቀበሌ ግን ለአድራሻ አስጽፉ።