ይህ ወሬ ለዳጉ አይሆንም፦ ታዳጊ አስተማሪዎች ለምን ትልቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት አይደለም፤ ከጤና ግን አልራቅንም።

በትምህርት ቤቶቻችን የሥርዓተ ፆታ ክበብ፣ የሴት ልጆች ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ የሚባሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ታዳጊዎች ይሠለጥኑና ስለ ጥቃት፣ ስለ ግርዛት፣ ያለ ዕድሜ ስለሚፈጸም ጋብቻ ጓደኞቻቸውን ያስተምራሉ። አቻ ለአቻ ማለት ይሄ ነው። ልጅ ከአስተማሪ ይልቅ ጓደኛውን ስለሚሰማ ጥሩ መንገድ ነው።

እስኪ አዋሽ ሰባት ኪሎ የምትኖር አንዲት የ15 ዓመት አስተማሪ እናስብ። ክበቡ ሲያልቅ ጓደኛዋ ወደ ጥግ ወስዳት «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ትናንት ማታ የደረሰባትን ነገረቻት እንበል። አሁን ይቺ ልጅ ምን ታድርግ? ብትናገር ጓደኛዋን የከዳች ይመስላታል። ዝም ብትል ደግሞ ጊዜው ያልፋል። ለ15 ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ሸክም ነው።

አፋር ውስጥ ሸክሙ የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ዳጉ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ አረፍ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰው ጤና ያዩትንና የሰሙትን ሳያዛቡ ይለዋወጣሉ። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወሬው ግን መኪናውን ሊቀድም ይችላል። የክትባት ዘመቻን ለማሳወቅ ከዳጉ የተሻለ ምን አለ? የተጠቃች ልጅ ምስጢር ግን ለዳጉ አይሆንም። ስለዚህ ታዳጊዋ አስተማሪ ነገሩን የምትነግረው፣ ወሬው እሱ ጋ የሚቆምበትና እርዳታው ከእሱ የሚጀምርበት አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋታል። በጎ ፈቃደኛ አማካሪ የምለው ይህን ሰው ነው።

ነገሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። አፋሮች ፊማ የሚባል በዕድሜና በፆታ የሚደራጅ ነባር የእኩዮች ማኅበር አላቸው፤ ፊማውም የራሱ መሪ አለው። በአማራ ክልል ሞሰቦ ላይ በ1996 ዓ.ም የተጀመረው ብርሃነ ሔዋን ታዳጊ ሴቶችን በአዋቂ ሴት አማካሪዎች ዙሪያ አሰባስቦ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲገመገም፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ካሉት ልጆች መካከል ያገቡት ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ጥቂት ነበሩ። ከ15 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። ትምህርቱ፦ ቀደም ብሎ መጀመር። በቅርብ ዓመታትም ፓዝፋይንደርና ኬር በአማራ፣ በኦሮሚያና በአፋር ባካሄዱት ሥራ የታዳጊ ቡድኖችን የመሩት ከልጆቹ ጥቂት ዓመት ብቻ የሚበልጡ የአካባቢው ወጣቶች ነበሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2008 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአፋር ሴቶች 91 በመቶው ተገርዘዋል፤ በአገር ደረጃ 65 በመቶ ነው። በአፋር ብዙ ጊዜ በሕፃንነት ይፈጸማል፤ መስፋትም አለበት። ስለዚህ ስለ ግርዛት የምታስተምረው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ራሷ አካል ነው የምታወራው። ሽንት ሲዘገይባት፣ የወር አበባዋ በብርቱ ሲያማት ለማን ትንገር? እዚህም አማካሪዋ ያስፈልጋሉ፤ በጤና ተቋም ሕክምና እንዳለ ነግረው አብረው ይሄዳሉ።

ታዲያ አማካሪው በተግባር ምን ያደርጋል?

1. ያዳምጣል። «ለምን ሄድሽ? ለምን አልጮኽሽም?» አይባልም። «እንኳን ነገርሽኝ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ይባላል።

2. ስለ ምስጢር አስቀድሞ ይነጋገራል። ገና በመጀመሪያው ቀን «ምስጢራችሁን እጠብቃለሁ፤ ሕይወት ወይም አካል አደጋ ላይ ከወደቀ ግን ሊረዳ ለሚችል ሰው እነግራለሁ፤ ከዚያ በፊት ለእናንተ አሳውቃለሁ» ይላል። ያኔ ልጆቹ ክህደት አይሰማቸውም።

3. ሰዓት ይቆጥራል። ከመደፈር በኋላ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል። የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ክትባትም አለ። የለበሰችውን ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይዞ መምጣት ለማስረጃ ይጠቅማል። 72 ሰዓት ቢያልፍም ኑ፤ የምናክመው ሌላ ብዙ ነገር አለ።

4. ከሽምግልና በፊት ሐኪም ጋ ያደርሳል። ማብሎ የተከበረ ሥርዓት ነው፤ ስንት ደም አስቀርቷል። ነገር ግን ጎሳና ጎሳ በካሳ ሲስማሙ የልጅቷ ቁስል አብሮ አይድንም። መደፈርም ያለ ዕድሜ ጋብቻም ወንጀል ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግርዛት ያስቀጣል፤ መስፋት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያስራል።

5. ልጆቹን ከፊት አያሰልፍም። የ15 ዓመት ልጅ አብሱማን ተቃወሚ ተብላ አጎቷ ፊት አትላክም። ከአባቶች፣ ከጎሳ መሪና ከሃይማኖት አባት ጋር መነጋገር የትልቅ ሰው ሥራ ነው።

6. ራሱም በሕግ ይመራል። ከልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻውን አይቀመጥም። ለሴቶቹ ሴት፣ ለወንዶቹ ወንድ አማካሪ ቢሆን ይመረጣል። አፋርኛ የማይችል ከሚችል ጋር ይጣመር። ትምህርት ቤቶችም «በጎ ፈቃደኛ ነኝ» ያለውን ሁሉ ዝም ብላችሁ አታስገቡ፤ ማንነቱን አጣሩ።

ወንዶቹንም አንርሳ። ወንድ ልጅ «ወንድነት ማለት መምታት አይደለም» የሚለውን ከሚያከብረው ወንድ አፍ ሲሰማ ሌላ ነው። ደግሞ እነሱም ይጠቃሉ፤ ግን ለመናገር የበለጠ ያፍራሉ።

ሥራው ዲግሪ አይጠይቅም። መምህር፣ ነርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በሰፈር የምትታመን እናት ሊሆን ይችላል። የሚጠይቀው ጊዜ ነው፦ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ቢያንስ ለአንድ የትምህርት ዘመን። በሁለት ወር ጥላችሁ የምትጠፉ ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል፤ ልጆቹ አንዴ አምነው ከተጎዱ ለሁለተኛ ሰው አፋቸውን አይከፍቱም።

ፍላጎቱ ካላችሁ ነገ ወደ አቅራቢያችሁ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ወይም ወደ ወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉና «ክበቡን የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆችም ልጃችሁ በክበብ ውስጥ የምታስተምር ከሆነ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ጠይቋት፦ «ከባድ ነገር ብትሰሚ ለማን ትነግሪያለሽ?» የምትጠራው ስም ከሌላት ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

ለሌሎችም ሼር አድርጉት።